የዳማ ሐኪም፦ አቶ ይገዙ ሀብተማርያም (1945–2018 ዓ.ም.)

አቶ ይገዙ ሀብተማርያም ከአባታቸው ከአቶ ሀብተማርያም ወልዴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉጎጃም እንግዳ በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በቢቸና አውራጃ የካቲት 7 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ይህን ታሪክ እንድጽፍ ልጆቻቸው ያዘዙኝ እኔ የመጨረሻዋ እህታቸው ማራኪ ሀብተማርያም ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አንተ ስለው የኖርኩትን ወንድሜን ዛሬ በወጉ መሠረት አንቱ እላለሁ። እርሳቸው ቢሰሙኝ ምን ነካት ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአጥቢያቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ቀጥሎም በቢቸና ከተማ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በትምህርታቸው መካከለኛ ነበሩ። ይህን የምለው በየቀብሩ የሚነበበው ታሪክ ሁሉ "በትምህርታቸው እጅግ ጎበዝ" ስለሚል፣ ወንድሜ ደግሞ ያልሆኑትን ሆኑ መባል ስለማይወዱ ነው። ጎበዝ የነበሩት በከተማው የናፍጣ ወፍጮ ቤት ነው። እናታችን እህል አስፈጭተው እንዲመጡ ይልኳቸዋል፤ እርሳቸው ዱቄቱን እዚያው ረስተው የወፍጮው ሞተር ለምን ነጭ ጭስ እንዳወጣ እያወሩ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እናታችን ይቆጣሉ፤ አባታችን ግን "ይህ ልጅ ብረት ነው የሚበላው" ብለው ይስቁ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ኮልፌ ይኖሩ ወደነበሩት አጎታችን መጡ። ቀን በአንድ ጋራዥ በረዳትነት እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ፤ በመካኒክነትም ሠልጥነው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። በ1968 ዓ.ም. በአርሲ የመንግሥት እርሻ የጥገና ክፍል ተቀጥረው ከትራክተር ጋር ትዳር መሠረቱ። የሰውን ትዳር የመሠረቱት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፅዮን ዘለቀ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ታዲዮስንና ልጃቸውን ምንታምርን አፈሩ። ወ/ሮ ፅዮን በሠርጋቸው ማግስት ባለቤታቸው የሙሽራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ከአንድ የተበላሸ ማጨጃ ሥር ገብተው እንዳገኟቸው ዛሬም ይናገራሉ። ያን ልብስ ማንም ሊያጸዳው አልቻለም፤ እርሳቸው ግን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው በፍቅር ይዘዋልና በቤተሰቡ ስም አመሰግናቸዋለሁ።

እርሻው ሲፈርስ በ1984 ዓ.ም. ወደ ኮልፌ ተመልሰው አየር ጤና ላይ ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር አነስተኛ ጋራዥ ከፈቱ። ሚኒባስም፣ የጭነት መኪናም፣ የወፍጮ ሞተርም ይጠግኑ ነበር። ልባቸው ግን ከአሮጌ ትራክተር አልወጣም። ከአስኮ ማዶ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ በኩል ገበሬዎች ትራክተራቸው ሲታመም ወደ እርሳቸው ይልኩ ነበር። እርሳቸውም ዕቃቸውን በጆንያ ቋጥረው በታክሲም በእግርም ይሄዳሉ።

የሞተር ዘይትን በሚመለከት ወንድሜ የራሳቸው እምነት ነበራቸው። ሐኪም የበሽተኛን ደም እንደሚያይ እርሳቸው መጀመሪያ የሚያዩት ዘይቱን ነው። የመለኪያውን ዘንግ ይመዙና በጣታቸው መሐል ያሹታል፤ ያሸቱታል፤ አንዲት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ጥለው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ዘይቱ ከጠቆረ "ሠርቷል፣ ምን ይሁን" ይላሉ። ከቀጠነና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ናፍጣ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ብረት ብረት ካብለጨለጨ የውስጥ አካሉ እየተበላ ነው፤ ያን ጊዜ ፊታቸው ይጠቁራል። በጋለ ብረት ላይ ጠብታዋ ከተንጫጫች ደግሞ ውሃ አለበት። ብዙ ጊዜ እነግራቸው ነበር፣ ለእኔ ጤንነት እንኳ ይህን ያህል አትጨነቅም እያልኩ።

በ2002 ዓ.ም. ከቀራንዮ ወዲያ በሚያርሱት በአቶ ገሜዳ እና በኮልፌ የመለዋወጫ ነጋዴ በሆኑት በሐጂ ረሻድ መካከል የሽርክና ስምምነት ተደረገ። ሁለቱ ሆነው ከአንድ የፈረሰ እርሻ አንድ አሮጌ ቀይ ትራክተር ገዙ። ትራክተሩ ወንድሜ ገና ቢቸና ተማሪ ሳሉ የተሠራ ነው። ይግዙት ብለው የመሰከሩት ወንድሜ ስለነበሩ ለጤንነቱም ተጠያቂ ሆኑ። ቀለሙን አይተው ዳማ አሉት፣ እንደ ፈረስ። ገበሬዎቹም ወንድሜን በፈረስ ስም "አባ ዳማ" ብለው ይጠሯቸው ጀመር። እርሳቸው በዚህ ስም ይኩራሩ እንደነበር ለመደበቅ ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ አልቻሉበትም።

ዳማ ሲመጣ የታመመ ነበር። ሰማያዊ ጭስ እያወጣ ዘይት ይጠጣል። ወንድሜ ፒስተኖቹን አውጥተው ያለቁትን ፋሻዎች፣ ፒስተኑን የሚከቡትን የብረት ቀለበቶች፣ ቀየሩለት፤ ጭሱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ግፊት መለኪያው መውረድ ጀመረ። ያዩት ሁሉ ወፍራም ዘይት ጨምሩበት አሉ። ወንድሜ ግን "ጉሮሮው የተዘጋን ሰው ገንፎ አብልቶ ማዳን የት አለ" ብለው ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓ የሚሉትን፣ ፈቱ። ዘይቱን የሚስበው ወንፊት በአሮጌ ዝቃጭ ተደፍኖ ተገኘ። ታጠበ፤ መለኪያውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዳማ ሁለት ክረምት ያለ እንከን አረሰ።

ትራክተሩን የሚነዳው ጀላል ሙዘይን የሚባል ወጣት ነበር። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ ሐጂ ረሻድ ያሳደጉት፣ ዝምተኛና ሥራ ወዳድ ልጅ ነው። በየጠዋቱ ክዳኑን ከፍቶ ዘይቱን ሳያይ ዳማን አያስነሳም፤ ይህን ያስተማሩት ወንድሜ ናቸው። በዚያን ጊዜ ጀላል የአቶ አብራርን ልጅ ሃጂራን አጭቶ፣ ኒካሁ ከመኸር በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጦለት ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ እርሻ ሊጀመር ሲል፣ የዳማ ዘይት ነጣ። ልክ ወተት እንደገባበት ሻይ። በመለኪያው ዘንግም ላይ ልኩ ከፍ ብሎ ተገኘ። ውሃ መግባቱ ግልጽ ነው፤ ጥያቄው ከየት የሚለው ነው። ወንድሜ እንደ ማንኛውም መካኒክ መጀመሪያ የጠረጠሩት በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ነበር። እርሱ ከተቃጠለ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ዘይቱ ያልፋል። ፈቱት፣ አዲስ አስገቡ፣ ዘይቱን ደፍተው ሌላ ሞሉ። ዳማ ጥቂት ሳምንት ሠራና ሰኔ ላይ ዘይቱ እንደገና ነጣ።

በዚህን ጊዜ ወንድሜ ተናደዱ። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልተው ምልክት አደረጉበትና ዳማን ሙሉ ቀን አሳረሱት። ማታ ሲያዩት ውሃው ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም። ራዲያተሩ ካልጎደለ ውሃው ከራዲያተሩ አይደለም። ዝናብ እንዳይሉት ክዳኑ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ውሃው የገባው ከላይ፣ በዘይት መጨመሪያው አፍ ነው። እስከዚህ ድረስ ምርመራው ልክ ነበር፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

ስህተቱ የመጣው ከሞተሩ ወደ ሰው ሲሻገሩ ነው። አቶ ገሜዳና ሐጂ ረሻድ ባሉበት "ይህ የሞተር ሕመም አይደለም፤ ውሃውን የጨመረው የሰው እጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን የሚከፍተው ማነው?" አሉ። ስም አልጠሩም። ሆኖም የሁሉም ዓይን ጀላል ላይ አረፈ። ልጁ ከጥቂት ጊዜ በፊት የጭነት መኪና መንዳት ልማር፣ ልቀቁኝ ብሎ እንቢ ተብሎ ነበርና ሰዉ ነገሩን ገጣጥሞ ጨረሰው፤ ባይለቁት ጊዜ ለመሄድ ብሎ ነው፣ በቂም ነው ተባለ። ጀላል አልጨመርኩም ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም። በዚያው ቀን ከሥራ ወጣ። ወሬው ኮልፌ ሲደርስ አቶ አብራር፣ ያሳደገውን ሰው ንብረት የሚያበላሽ ልጄን አያገባም ብለው ኒካሁን አስቆሙ።

ከሰው ሁሉ ጋር ተግባብተው የኖሩት ወንድሜ በሕይወታቸው ከሠሩት በደል ሁሉ ትልቁ ይህ መሆኑን ራሳቸው ለሚጠይቃቸውም ለማይጠይቃቸውም ሲናገሩ ኖረዋል። ስለዚህ እኔም እዚህ ላይ ባልጽፈው ይቆጡኛል።

ሌላ ሾፌር ተቀጠረ። ሐምሌ ገባ። የዳማ ዘይት ለሦስተኛ ጊዜ ነጣ፤ ጀላል ግን በአካባቢው አልነበረም። ወንድሜ ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም። ዕቃቸውን ይዘው ወደ አቶ ገሜዳ ግቢ ሄዱና ዘይቱን ደፍተው ኮፓውን እንደገና ፈቱት። ወንፊቱ ላይና በኮፓው ጥግ የተጠራቀመ እንደ አመድ የላመ ግራጫ አፈር አገኙ። ባለፉትም ጊዜያት ዘይቱን ሲደፉ አይተውት ነበር፤ አቧራ መስሏቸው ጠርገው ጥለውታል። አሁን በጣታቸው አሹት። ልጅ ሳለን እናታችን ስንታመም ግንባራችን ላይ የሚቀቡን ነው። እምነት ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው፣ በጠበል የሚበጠበጠው።

የአቶ ገሜዳ እናት እማማ ጥሩብርሃን በዚያው ግቢ ይኖሩ ነበር። ወንድሜ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ቤታቸው ገብተው፣ ጉልበታቸውን ስመው፣ ለዳማ ጠበል አጠጥተውት እንደሆነ በቀስታ ጠየቁ። እማማ ምንም አልደበቁም። ዳማ ገና ሲመጣ ያንን ሰማያዊ ጭስ አይተው ነበር፤ ፋሻው ተቀይሮ ጭሱ ቢቆምም እንዳያገረሽበት ልባቸው ይፈራ ነበር። በዚያ ዓመት የጎረቤት ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ዳማን ሲያደንቅ ሰሙና ዓይን ይገባዋል ብለው ሰጉ። ከዚያ ጀምሮ በየወሩ ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ እምነት የተበጠበጠበት ጠበል በጣሳ ያመጣሉ፤ ጀላል ዘይት ሲያይ የሚከፍተውን ክዳን አይተው ያውቃሉና እርሱን ከፍተው በስመ አብ ብለው ያጠጡታል። ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ወንድሜ ሲጠይቋቸው የመለሱት መልስ በቤተሰባችን ተረት ሆኖ ቀርቷል፦

"ሁላችሁም ብረቱን ጠየቃችሁት። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ወንድሜም ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጠበሉን ኮፈኑ ላይ እንዲረጩለት፣ ሆዱን ግን ለእርሳቸው እንዲተዉላቸው ለምነዋቸው፣ እማማም እሺ ብለው ተስማሙ።

የቀረው ነገር ከባዱ ነበር። የጀላል ስም መንጻት አለበት። እማማን ደግሞ በስተርጅና በሰው ፊት ማዋረድ፣ ጠበሉንም የገበያ መሳቂያ ማድረግ አልፈለጉም። ስለዚህ ለባለቤታቸው ብቻ ነግረው አንድ ዕቅድ አወጡ። በሚቀጥለው እሑድ አቶ ገሜዳን፣ ሐጂ ረሻድን፣ አቶ አብራርን፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎችና ራሱን ጀላልን በአቶ ገሜዳ ግቢ ሰበሰቡ። ከዚያም ተነሥተው ጥፋቱ የእርሳቸው እንደሆነ፣ ጓርኒሲዮኑን ሳያጠብቁ እንደተዉት፣ ውሃውም በዚያ እንደገባ መናገር ጀመሩ። በሙያቸው የታወቀ ሰው ይህን በሰው ፊት ሲናገር እንጀራውን በገዛ እጁ መዝጋቱ ነው። ወ/ሮ ፅዮን ይህን እያወቁ ሂድና ተናገር ብለው ሸኝተዋቸዋል።

ንግግራቸው ግን ከግማሽ አላለፈም። ማንም ያልጠራቸው እማማ ጥሩብርሃን በምርኩዛቸው እየተመረኮዙ ከቤት ወጡና መሐል ላይ ቆሙ።

"ይገዙ ልጄ፣ ተቀመጥ፤ ውሸት አያምርብህም። ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ በየወሩ ለሚካኤል አጠጥቼዋለሁ። ይህን ልጅ ያባረራችሁት በእኔ ሥራ ነው።"

አቶ ገሜዳ አንገታቸውን ደፉ። ሐጂ ረሻድ ወደ ጀላል አዩ። ተበዳዩ እርሱ ስለሆነ ሁሉም የሚጠብቀው የእርሱን ቃል ነበር። ጀላል ቀና አለና "እማማ፣ ለዳማ እኔም ዱዓ አድርጌለታለሁ፤ ውሃ ግን አላጠጣሁትም" አላቸው። መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው። ቀጥሎ ሐጂ ረሻድ ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም። በዚያ ሳቅ ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ከመጣላት ዳነ፤ ሽርክናውም ሳይፈርስ ቀረ። እንዲህ ያለ አንደበት የሰጠውን አምላክ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ወንድሜ ግን አልሳቁም። ሳቁ ሲበርድ ከግቢው አጥር ሥር አንድ ድንጋይ አንሥተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉና ጀላል ፊት ጎንበስ አሉ። በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ተበዳይም "ይቅር ብያለሁ" ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል። ቃሉ ይቀድማል፤ እጁ ይከተላል። ጀላል ግን የሚያከብራቸውን ሽማግሌ እንደዚያ ሲያይ ደነገጠ። "ጋሼ፣ ኧረ ነውር ነው፣ ያውርዱት" እያለ ሮጦ ድንጋዩን ነጠቃቸውና ጉልበታቸውን ሳመ። ሰዉ ሁሉ እርቁ ተፈጸመ ብሎ አጨበጨበ። ያ ቃል ግን አልተባለም። ይህን ያስተዋሉት ወንድሜ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ባብዛኛው የምስጋና ነው። ወንድሜ በዚያው ሳምንት ሐጂ ረሻድን አስከትለው አቶ አብራር ቤት ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። መስቀል በአንገቱ ያሠረ ሰው ለኒካሕ ሽማግሌ ሲሆን በሰፈራችን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ጥፋቱን በራሱ አፍ እየዘረዘረ ሴት ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ግን አቶ አብራር ከዚያ በፊት አይተው እንደማያውቁ ነግረውኛል። ኒካሁ በተቆረጠለት ጊዜ ሆነ። ጀላልና ሃጂራ ተጋብተው ሲሃምን ወለዱ። ጀላል ወደ ዳማ ተመለሰ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የመካኒክነት ሙያውን ለመማር ወደ ወንድሜ ጋራዥ ገባ። እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያዩም።

በጋራዡም ሥርዓት ተለወጠ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወንድሜ የታመመ ሞተር ሲመጣላቸው መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ሰው ይጠይቃሉ። ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ ዘበኛውን፣ የሾፌሩን ሚስት ሳይቀር። ደንበኞች በዚህ ይሰለቹ ነበር፤ አንዱ የሚኒባስ ባለቤት ለመኪናዬ ዘይት ቀይሩልኝ ብል የቤተሰቤን ጤንነት ጠየቁኝ ብሎ ምሬቱን ነግሮኛል። እኔ ግን የዚህን ጥቅም አይቻለሁ። በዚያ ጋራዥ ከዚያ በኋላ በሐሰት የተባረረ ሠራተኛ የለም።

ያች ያልተባለች ቃል ግን ወንድሜን አልለቀቀቻቸውም። በየዒዱ ጀላል ቤት ሄደው ከበሉ ከጠጡ በኋላ ሲነሡ ቆም ይሉና "ያችን ነገር አልነገርከኝም" ይሉታል። ጀላል ይስቃል፤ ልጅ አባቱን ይቅር ይላል እንዴ ብሎ ይሸኛቸዋል። አክብሮት ነው፤ ግን የወንድሜን ልብ የሚያሳርፍ አክብሮት አልነበረም። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ጀላልን ለብቻው ይዤ፣ አንድ ቃል ነው፣ በላቸውና ይረፉ ብዬው ነበር። እርሱም አሁን ይቅር ብዬዎታለሁ ካልኩ እስከ ዛሬ ቂም ይዤ ኖሬያለሁ ማለት ይሆንብኛል፣ ያን ደግሞ አልያዝኩም አለኝ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሁለት ልክ ሰዎች እንዲህ ሲግደረደሩ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ።

የቀራንዮ ማዶ ማሳዎች ቤት ሲሠራባቸው አቶ ገሜዳ እርሻውን ተዉ። እማማ ጥሩብርሃንም ዕድሜ ጠግበው አረፉ፤ ወንድሜ በቀብራቸው ላይ እንደ ልጅ አለቀሱ። ዳማ ወደ ሆለታ በኩል ላሉ ገበሬዎች ተሸጠ። ባለፈው ክረምትም ማረሱን ሰምተናል፤ ዘይቱም ጤነኛ ነው።

አቶ ይገዙ ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲሰቃዩ ቆዩ። በጥቁር አንበሳም በግል ሐኪም ቤትም የረዷቸውን ሐኪሞችና ነርሶች ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። በጾም ወራት ወ/ሮ ፅዮን ሲደክማቸው የጾሙን ወጥ በዘይት እየሠራች በሳሕን ያመላለሰችው ሃጂራ ናት፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጆቻቸው ታዲዮስና ምንታምር ሥራቸውን ትተው አስታመዋል። ጀላል ሌሊት ሌሊት ከአጠገባቸው አልተለየም። ኦክስጅኑን የሚሰጠው መሣሪያ ድምፁ ሲቀየር ወንድሜ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነው እንኳ ጣታቸውን እያነሡ ይጠቁሙት ነበር፤ እርሱም ተነሥቶ ያስተካክላል። በመጨረሻው ሳምንት ድምፃቸው ሲዳከም ጀላልን አስጠግተው አሁንም ያችኑ ጠየቁት። ጀላል እንደ ልማዱ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ እያለቀሰ ወጣ። ተመልሶ ሲገባ ወንድሜ ራሳቸውን ስተው ነበር። ያን ጊዜ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ቃሉን ተናገረ። ይስሙት አይስሙት ሐኪሞቹም እኛም አናውቅም።

አቶ ይገዙ ሀብተማርያም ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፅዮን ዘለቀን፣ ልጆቻቸውን ታዲዮስንና ምንታምርን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እኔን እህታቸውን፣ እንዲሁም ጀላልን፣ ሃጂራንና ሲሃምን ትተው አልፈዋል። ድንኳን የተከለውን፣ ንፍሮ የቀቀለውን፣ ወንበር የተሸከመውን የሰፈራችንን እድር፣ ትናንት ጋራዣቸውን ዘግተው ከእኛ ጋር የዋሉትን የአየር ጤና መካኒኮች ሁሉ እናመሰግናለን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ጀላል ወደ ቤት መጥቶ አንድ ነገር ለመነኝ። ሟች ከመቀበሩ በፊት በእርሱ ላይ ሐቅ፣ ማለትም ያልተከፈለ ዕዳ ወይም በደል፣ ያለው ሰው በሕዝብ ፊት መናገር ይገባዋል አለ። እኔም ወንድሜ አርባ ዓመት በትራክተር ጩኸት የደከመ ጆሮ ስላላቸው ራስህ ቁም፣ ጮክ ብለህ አንብብ ብዬዋለሁ። ስለዚህ የሚከተለውን የሚያነበው እርሱ ነው።

"እኔ ጀላል ሙዘይን በጋሼ ይገዙ ላይ የቀረኝ ሐቅ የለም። ድንጋዩን ከጫንቃቸው ያወረድኩ ቀን በልቤ አውፍ ብያለሁ፤ ቃሉን ለማውጣት ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ያህል ዓመት ያስጠበቅኋቸውም እኔ ነኝ። ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ። እርስዎም ስላስጠበቅሁዎት ይቅር ይበሉኝ።"

ይህን ቃል የወንድማችን ጆሮ ሳይሰማው ቀርቶ እንደሆነ፣ ሁሉን የሚሰማ አምላክ ራሱ ያድርስላቸው። ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ሳይመሽ ይቅር የምንባባልበትን አንደበት ይስጠን። አሜን።